የተጫጨረ ፌስ ሺልድ፦ ልሸው ወይስ ልቀይረው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በርና መስኮት የሚሠራ ብረት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ብረት መቁረጫውን ግራይንደር ስይዝ ፊቴ ላይ የማደርገው ግልጥ የፕላስቲክ መከላከያ፣ ፌስ ሺልዱ፣ ተጫጭሮ ጭጋግ የለበሰ መስሏል። አንዱ በጥርስ ሳሙና እሸው ይለኛል፣ ሌላው ቤንዚን ነካ አድርገህ ጥረገው ይለኛል። የመኪና መብራት ፖሊሽ የሚያደርግ ጎረቤታችን ደግሞ አምጣውና አዲስ ላድርግልህ ብሎኛል። አሁን አሁን ስለማያሳየኝ ገልጬው ነው የምቆርጠው። የቱ ይሻለኛል? ካልሆነስ ፕላስቲኩን አውጥቼ ፕሌክሲ አስቆርጬ ብገጥምበት?»

ወንድሜ፣ ከጥያቄህ መሃል አንዷን ነገር ላውጣና ከሷ ልጀምር፦ «ገልጬው ነው የምቆርጠው»። ጭረት የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው። የሚያሳይ ከሆነ ማንም አይገልጠውም፣ ካላሳየ ግን ሁሉም ይገልጠዋል። በየብረት ቤቱ ስዞር ግንባር ላይ የተሰቀለ ፌስ ሺልድ ነው የማየው፤ ለምን ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁሌም «አያሳየኝም» ነው። ስለዚህ ነገሩ እስኪስተካከል ድረስ ደህና የሚያሳይ ካለው ባልደረባህ ተዋስ፣ ካልተገኘ ደግሞ የመቁረጡን ሥራ ለሱ ስጠው። እባክህ ተገልጦ አይቆረጥ።

ለምን እንደዚህ አጥብቄ እንደምል ላሳይህ። የምትጠቀምበትን የመቁረጫ ዲስክ አንሳና ጽሑፉን አንብበው። አብዛኞቹ ላይ 80 ሜትር በሰከንድ የሚል ታገኛለህ። የጠርዙ ከፍተኛ ፍጥነት ማለት ነው፣ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር። ትንሿ 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ስትሽከረከር ጠርዟ በሰከንድ 66 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ዲስኩ ተይዞ ቢሰበር ስብርባሪው የሚወጣው በዚሁ ፍጥነት ነው። ዓይን ጨፍኖ ለማምለጥ የሚሆን ጊዜ የለም።

እሺ፣ ወደ ጭረቱ። መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጥልኝ። ፌስ ሺልድ ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ በውጭም በውስጥም ስስ ላስቲክ ተለጥፎበት ነው፣ እንደ አዲስ ስልክ ስክሪን። ብዙ ሰው ያንን ላስቲክ ሳይልጠው ነው ሥራ የሚጀምረው። ላስቲኩ ይጫጫራል፣ አቧራ ይይዛል፣ በመሃሉ ላብ ይገባና ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ «ፕላስቲኩ ተበላሸ» ይባላል። ማዕዘኑ ላይ በጥፍርህ ቆንጠጥ አድርገህ ሞክር፤ ቀዳዳዎቹ አጠገብም እይ። ከተላጠልህ ችግርህ እዚያው አለቀ። ከውጭ ልጠህ ከውስጥ ረስተኸው ሊሆንም ይችላል፣ ሁለቱንም ፊት ፈትሽ።

ላስቲክ ካልሆነ እንቀጥል።

ለግራይንደር ሥራ የሚሆነው ፌስ ሺልድ በብዛት የሚሠራው ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው። የዚህ ፕላስቲክ ጠባይ ለብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው። በመዶሻ ብትመታው ይጎብጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። በሚስማር ጫፍ ግን ወዲያው ትጭረዋለህ። ምት ይችላል፣ ፍትጊያ አይችልም። ለዚህ ነው ጥሩዎቹ ላይ ፋብሪካው ከላይ ጠንከር ያለ ስስ ሽፋን የሚቀባባቸው። ሽፋኑ በጣም ቀጭን ነው፣ የሚሊ ሜትር ጥቂት ሺህኛ ያህል ብቻ። ዓይንህ አያየውም። ግን ጭረትን የሚቋቋመው እሱ ነው፤ በማንኛውም ነገር ስታሸው መጀመሪያ የሚነሳውም እሱ ነው።

የመኪና የፊት መብራትም ከዚሁ ከፖሊካርቦኔት ነው የሚሠራው። ጎረቤትህ «እችላለሁ» ያለህ ለዚህ ነው፤ ልጁ አልዋሸህም፣ ዕቃው አንድ ነው። ልዩነቱ ሥራው ላይ ነው። የቪትዝ መብራት ፖሊሽ ተደርጎ በስድስት ወሩ ተመልሶ ቢደበዝዝ ባለቤቱ ሌላ ቀን ያስደግመዋል። የአንተ ፕላስቲክ ግን ፊትህ ፊት ነው ያለው፣ ውፍረቱም ብዙ ጊዜ ከመብራቱ በጣም ያነሰ ነው፤ ከላዩ የሚፋቅ ብዙ የለውም።

አሁን የአንተን ጭረት ዓይነት እንለየው። ሦስት ነገር አድርግ።

መጀመሪያ ውሃ። ፕላስቲኩን በደንብ ካጠብከው በኋላ ጭረቱ ላይ ንጹህ ውሃ ጠብ አድርግበትና ወደ ብርሃን ያዘው። ጭረት የሚታየን ብርሃኑ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ስለሚበተን ነው። ውሃ ቦዩን ሲሞላው መበተኑ ይቀንሳል። እርጥብ እያለ ከጠፋና ሲደርቅ ከተመለሰ ጭረቱ የላይ የላይ ነው። እርጥብ ሆኖም ቁልጭ ብሎ ከታየ ጥልቅ ነው።

ቀጥሎ ጥፍር። ጥፍርህን ጭረቱን አቋርጠህ ቀስ ብለህ ሳበው። ከያዘው፣ ማለትም ጥፍርህ ቆም ካለ፣ ያ ፕላስቲክ ለግራይንደር አበቃለት። ቀይረው። ጥርስ ሳሙናም ፖሊሽም የሚያድነው ዓይነት አይደለም።

ይሄን ለምን በእርግጠኝነት እላለሁ? መስታወት ቆራጭ ሲሠራ አይተህ ይሆናል። መስታወቱን በሙሉ አይቆርጠውም፤ በአልማዝ ጫር ያደርገውና ተጭኖ ቀጭ ያደርገዋል። ኃይሉ ሁሉ ያቺ ጭረት ላይ ይሰበሰባል። ፖሊካርቦኔት እንደ መስታወት ተሰባሪ አይደለም፣ ግን ምትን የመቻል አቅሙ ስንጥቅና ቦይ ሲኖርበት ክፉኛ የሚወርድ ፕላስቲክ ነው። ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ ከውጭ ምት ሲያርፍበት ፕላስቲኩ ወደ ፊትህ ይጎብጣል፣ ያኔ የሚለጠጠው የውስጡ ፊት ነው። ስንጥቅ የሚከፈተው በሚለጠጠው በኩል ነው። ስለዚህ በውስጥ በኩል ያለ ጥልቅ ጭረት፣ በመነጽር ፍሬም ወይም በጓንት ዚፕ የተሠራ፣ ከውጪው የበለጠ ያስፈራኛል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤትም በመመሪያው ጥልቅ ጭረት ያለበት ወይም የተበሳሳ ሌንስ በቀላሉ ይሰበራል ይላል፤ ከልምድ ብቻ ተነስቼ የምናገረው አይደለም።

ሦስተኛው የመዳሰስ ነገር ነው፤ ለአንተ ዓይነቱ ሥራ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። ዓይንህን ጨፍንና የውጪውን ፊት በጣትህ ጫፍ ዳስስ፣ በተለይ ከአፍንጫህ ትይዩ እስከ አገጭ ያለውን። ሸካራ ሆኖ ጣትህን ከጎረበጠህ ጭረት አይደለም። የግራይንደሩ ፍንጣሪ የጋለ ብረት ነው፤ ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ አቅልጦት ይገባና እዚያው ይቀዘቅዛል። ወደ ብርሃን ብትይዘው ጥቃቅን ጥቁርና ቡናማ ነጠብጣብ ታያለህ፣ ቡናማው የዛገው ነው። እነዚህን በፖሊሽ ላውጣ ብትል ብረቱ ከፕላስቲኩ ይነቀልና በጨርቅህ ስር እየተጎተተ አዲስ ጭረት ያወጣልሃል። ለአንድ ሰዓት ትለፋና ሳትጀምር ከነበረው የባሰ ታገኛለህ። ይሄ ዓይነቱ አይታሽም፣ ይቀየራል።

አንተ የጻፍከውን ሳየው፣ «ጭጋግ የለበሰ መስሏል» ያልከው ከሁለት በአንዱ የመጣ ነው ብዬ እገምታለሁ፦ ወይ ይሄው የፍንጣሪ ነጠብጣብ ነው፣ ወይ በደረቅ ጨርቅ ከመጥረግ የመጣ ፀጉር የሚያክል ጭረት በብዛት። ጣትህ ይነግርሃል።

አሁን ወደ ምክሮቹ ልምጣ።

ቤንዚን በፍጹም። ቲነርም፣ አሴቶንም። ፖሊካርቦኔት ከእነዚህ ጋር አይስማማም። አንዳንዶቹ ወዲያው ነጭ ያደርጉታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሲጠርጉት የጠራ ያስመስሉትና ጉዳቱ በኋላ ይመጣል። የኋለኛው ነው የሚብሰው። ፌስ ሺልድህ ዝርግ ፕላስቲክ ነበር፤ ጎብጦ ከማሰሪያው ጋር በሚያያዙት ቁልፎች ስለተያዘ ሁልጊዜ ውጥረት ውስጥ ነው። እንዲህ የተወጠረ ፖሊካርቦኔት ቤንዚን ሲነካው ቁልፎቹ ዙሪያና ጠርዙ ላይ የሸረሪት ድር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል። አሁኑኑ ቁልፎቹ ዙሪያ አይተህ እንደዚያ ያለ ነገር ካለ ከአንተ በፊት አንድ ሰው በቤንዚን ጠርጎታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ምንም ሳታቅማማ ጣለው። በረኪናም እንዲሁ ይቅርበት፣ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ይቅር። ለመስኮት መስታወት የተሠራ ሁሉ ለፕላስቲክ አይሆንም።

የጥርስ ሳሙና ትንሽ እውነት አለው። ውስጡ ጥርስን የሚፈትግ ደቃቅ ዱቄት አለ፣ ሲሊካ ወይም ካልሲየም ካርቦኔት፤ ያ ዱቄት በጣም ቀጭን ጭረትን ጠርዙን ያለሰልሰዋል። ችግሩ የዱቄቱ ሻካራነት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፣ ጥርስ እናነጣለን የሚሉት ብዙ ጊዜ ይበልጥ ይሞርዳሉ፣ አንተ ደግሞ ቱቦው ላይ አንብበህ የምታውቅበት መንገድ የለም። ሽፋን ያለው ፌስ ሺልድ ላይ ስታደርገው ሽፋኑን እዚህ ያነሳዋል እዚያ ይተወዋል፤ ውጤቱ ዥንጉርጉር ነው። ለእጅ ሰዓት ፕላስቲክ ይሁን። ለዚህ አልመክርም።

የመብራት ፖሊሽ የሚያደርገው ልጅ ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቀው። አንደኛው በውሃ በሚሠራው ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት ከሻካራ ወደ ለስላሳ እያሳነሱ ፈትጎ በመጨረሻ ኮምፓውንድ በሚባለው ማጥሪያ ቅባት ማጥራት ነው። ለመብራት ጥሩ ነው። ለፊትህ ግን አንድ ችግር አለው። ጭረቱ ያለበትን ቦታ ለይተህ ስትፈትገው እዚያ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ይሠራል፣ ጎድጓዳው ደግሞ ብርሃን ያጣምማል። በመብራት አይታወቅም፣ ዓይንህ ፊት ሲሆን ግን የምትቆርጠው መስመር ይወላገድብሃል፣ ከሰዓት በኋላ ራስህን ያምሃል። ይህ ደግሞ በማሽን የሚፈተግ ከሆነ ሙቀቱ ስሱን ፕላስቲክ ያለሰልሰዋል፤ ጎረቤትህ የለመደው ወፍራም ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ፈሳሽ ኬሚካል በትንሽ ጀበና መሰል ማሞቂያ አፍልቶ እንፋሎቱን ፕላስቲኩ ላይ መንፋት ነው። ሲያዩት ያስደምማል፤ ደብዛዛው በሰከንድ ውስጥ ቁልጭ ይላል። ግን ምን እንደሆነ ልንገርህ፦ ኬሚካሉ ዳይክሎሮሜቴን ወይም የሱ ዘመድ የሆነ ፕላስቲክ አሟሚ ነው። ጭረቱ የጠፋው የላዩ ሟሙቶ ስለፈሰሰ ነው። ቤንዚን ቀስ ብሎ የሚያደርሰውን ጉዳት ይሄ በአንድ ጊዜ ነው የሚያደርሰው፤ የጠራ ግን የደከመ ፕላስቲክ ታገኛለህ። የሚሠራው ልጅም ያንን ጭስ በትንሽ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲስበው ይውላል። ወዳጅህ ከሆነ ቢያንስ ደጅ አውጥቶ እንዲሠራና እንፋሎቱን እንዳይስብ ንገረው፣ ለሳንባና ለነርቭ ክፉ ነገር ነው።

የምነግርህ ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ጠራ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ፖሊሽ የሚመልስልህ እይታን ነው። የተነሳውን ሽፋን አይመልስም፣ የተሰነጠቀውን አይሰፋም። ስለዚህ ፖሊሽ የሚገባው አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ ጥፍር የማይዘው፣ ጣት የማይጎረብጠው፣ ቁልፎቹ ዙሪያ ያልተሰነጠቀ፣ ቢጫ ያልሆነ፣ በመጥረግ ብቻ የደበዘዘ። እሱ ከሆነ ግድ የለም፣ በእጅህ ልትሠራው ትችላለህ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕላስቲኩን ከራስ ማሰሪያው ፍታው። በሚፈስ ውሃ አጥበህ፣ ላርጎ ወይም ሌላ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጣትህ አዳርሰህ፣ እንደገና አለቅልቀው። አሮጌ ፎጣ አጥፈህ ከስሩ አድርግ፣ የጎበጠውን እንዲደግፈው። ከመኪና ዕቃ መሸጫ ለፕላስቲክና ለመብራት የተሠራ ጥሩ ፖሊሽ ፈልግ፤ ለመኪና ቀለም የተሠራውን ሻካራ ኮምፓውንድ አይደለም። አሽትተው፣ ቲነር ቲነር የሚል ከሆነ መልሰው። መጀመሪያ አንድ ማዕዘን ላይ፣ ከእይታህ ውጭ፣ የሳንቲም ስፋት ቦታ ሞክር። ከነጣ ወይም ከተዥጎረጎረ ሽፋን አለው ማለት ነው፤ እዚያው አቁም። ካልሆነ ንጹህ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ላይ ትንሽ አድርገህ ጭረቶቹን በሚያቋርጥ አቅጣጫ ቀጥ ቀጥ እያልክ እሸው። አታክብበው፣ ክብ እሽታ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ ቀለበት ይተዋል። አትጫነው፣ አንድ ቦታም አትቁም፣ ሙሉውን ፊት እኩል አዳርስ። ጨርቁ ሲጠቁር ገልብጠው። ከዚያ እጠበውና እርጥበቱን መጠጥ መጠጥ አድርገህ አድርቀው።

ሲያልቅ የበር መቃን ወይም የመብራት ምሰሶ ፊት ቁም። ፕላስቲኩን ዓይንህ ፊት ይዘህ ቀስ ብለህ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሰው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቆየ ደህና ነው። ሞገድ ከሠራ ለመቁረጥ አታድርገው። እንደዚያ የወጣውን ቀለም ስትቀባ ወይም ስታጥብ ለመረጨት መከላከያ ተጠቀምበት፤ እንዳይቀላቀልብህ ምልክቱን ማሰሪያው ላይ አድርግ፣ ፕላስቲኩ ላይ በማርከር አትጻፍ። ማስቲሽም አትለጥፍበት። የቀለሙም የማስቲሹም ማሟሟያ ያው ከቤንዚኑ ወገን ነው።

ቢጫ ስል ምን ማለቴ ነው? የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ፖሊካርቦኔትን ያቢጨዋል፣ ያደርቀዋልም። አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ይሄ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፌስ ሺልዱን ደጅ አጥሩ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ ጥለኸው የምትውል ከሆነ ዕድሜውን በከንቱ እየጨረስከው ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠህ እየው፤ ወረቀቱ ሻይ የፈሰሰበት ከመሰለ ያረጀ ነው።

ፕሌክሲውን በተመለከተ፦ አታድርገው። የማስታወቂያ ቤቶች የሚቆርጡት ፕሌክሲ አክሪሊክ የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው። ከፖሊካርቦኔት ይልቅ ጭረት ይችላል፣ ያምራል፣ ይጠራል። ምት ሲያርፍበት ግን ስለት ባላቸው ቁርጥራጮች ይሰበራል፣ ቁርጥራጮቹም ወደ ፊትህ ነው የሚሄዱት። «ያለን ፖሊካርቦኔት ነው» ካሉህ በሌዘር ትቆርጡታላችሁ ወይ ብለህ ጠይቅ። ፖሊካርቦኔት በሌዘር ጠርዙ ያርራል፣ ይቢጫል፤ በሌዘር ጥርት ብሎ ከተቆረጠልህ አክሪሊክ ነው። በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 እና 2013፣ በየመንገዱ ሲሸጥ የነበረውንም ፌስ ሺልድ እስካሁን ለብረት ሥራ የሚያደርጉት አሉ። እሱ ምራቅ ለመከላከል የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ነው። ብረት አያቆምም።

የሚገርመኝ፣ ብዙውን ጭረት የሚያመጣው ሥራው ሳይሆን አጠራረጉ ነው። ፕላስቲኩ ላይ የተቀመጠው አቧራ የብረት ብናኝና ከዲስኩ የወጣ የድንጋይ ዱቄት ነው። ዲስኩ ብረት የሚቆርጥበት ዱቄት መሆኑን አትርሳ። አንተ በጓንትህ ወይም በቱታህ እጅጌ ጠረግ ስታደርገው ፕላስቲኩን በዲስክ ዱቄት እየፈተግከው ነው። ስለዚህ ደረቅ አይጠረግም። ውሃ ይቅደም። ውሃ በሌለ ቀን፣ መሃል ከተማም ቢሆን መጥፋቱ የተለመደ ነው፣ ከጄሪካን አንድ ጆግ ቀድተህ ከላይ ወደ ታች አፍስበት፤ አቧራው ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው ጨርቅ የሚነካው። ሶፍትም ጋዜጣም አይሁን፣ ወረቀት ይጭራል። የውስጠኛው ፊት ጉም እንዳይዘው የተቀባ ከሆነ እሱ ይበልጥ ስስ ነውና ሳታሽ አለቅልቀህ በአየር አድርቀው።

አቀማመጡም እንዲሁ። ጠረጴዛ ላይ በፊቱ አይደፋም፣ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ ከቁልፍና ከመዶሻ ጋር አይጨመርም። ግድግዳ ላይ በማሰሪያው ስቀለው፣ ማታ ማታ አሮጌ ቲሸርት አልብሰው። አቋቋምህንም እይ፤ ፍንጣሪው በቀጥታ ወደ ፊትህ የሚመጣ ከሆነ የያዝከው አቅጣጫ ትክክል አይደለም። ብረቱን አዙረህ ወይም ራስህ ዞረህ ፍንጣሪው ወደ ታችና ወደ ጎን እንዲሄድ አድርግ፣ መከለያውንም ከዲስኩ ላይ አታንሳ። ይሄን ያስተካከለ ሰው ፕላስቲኩ ሁለት ሦስት እጥፍ ሲቆይለት አይቻለሁ። ብየዳም ስትበይድ ይሄን ግልጥ ፌስ ሺልድ አታድርግ፣ የብየዳውን ብርሃን አይከላከልልህም። የብየዳ ማስኩ ላይ ከጨለማው መስታወት ፊት ያለችው ግልጥ ፕላስቲክ ደግሞ ስትደበዝዝ አትታሽም፤ ትንሽና ርካሽ ናት፣ ለመቀየር ነው የተሠራችው።

ከፌስ ሺልዱ ስር መነጽር አድርግ። ይሄ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም፤ በሙያው ሕግ ፌስ ሺልድ ሁለተኛ መከላከያ ነው፣ ዓይንን በቀዳሚነት የሚጠብቀው መነጽሩ ነው። ከስር በአገጭህ በኩል ክፍት ስለሆነ ብናኝ ተወርውሮ ይገባል። ብናኝ ዓይንህ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ካለ ደግሞ በክብሪት እንጨትና በነጠላ ጫፍ የሚያወጡልህን ጓደኞች እምቢ በል። ብረት ዓይን ላይ ሲቆይ ይዝጋል፣ ዝገቱም ቀለበት ሠርቶ እዚያው ይቀራል። በንጹህ ውሃ ታጠብና ሳትውል ሳታድር የዓይን ሐኪም ጋ ሂድ፤ የምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል የታወቀ ነው።

መቀየሩን በተመለከተ፣ ሙሉውን መግዛት ላይኖርብህ ይችላል። በብዙዎቹ ማሰሪያው ይቆያል፣ የሚቀየረው ፕላስቲኩ ብቻ ነው። ይሄን አለቃህም ላያውቅ ይችላል። ተቀጥረህ የምትሠራ ከሆነ ከኪስህ ማውጣት የለብህም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል፣ በአግባቡ መጠቀሙን ደግሞ የአንተ። መጣላት አያስፈልግም። ፕላስቲኩን አውጥተህ «ጋሼ፣ እስቲ በዚህ ውስጥ ይቺን መስመር ይዩልኝ» ብለህ እሳቸው ዓይን ፊት ያዘው። ካዩት ይበቃል።

ስትገዛ ጽሑፉን አንብብ። የአሜሪካ ደረጃ ከሆነ ፕላስቲኩ ላይ ዜድ 87 እና የመደመር ምልክት (Z87+) ይኖረዋል፤ የመደመሯ ምልክት ኃይለኛ ምት ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። የአውሮፓው ኢኤን 166 ከሆነ ፊደሎቹን ፈልግ፦ ኤፍ (F) ያለው በሰከንድ 45 ሜትር፣ ቢ (B) ያለው 120፣ ኤ (A) ያለው ደግሞ 190 ሜትር የሚበር 6 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ ይችላል። ለግራይንደር ቢያንስ ቢ ያለውን ውሰድ። ኳሱ ግን ግራም እንኳ አይሞላም፤ ከግማሽ ዲስክ ጋር አታወዳድረው፣ የዲስኩን መከለያ አታንሳ ያልኩህ ለዚህም ጭምር ነው። ኬ (K) የሚል ፊደል ካገኘህ ላዩ በደቃቅ ብናኝ መፋቅን ይቋቋማል ማለት ነው፤ እንዳንተ ላለ ሰው ትንሽ ብር ቢጨመርበትም ያዋጣል። ምንም ያልተጻፈበትን፣ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ስላለህ ብቻ አትግዛው።

መርካቶ ስትወርድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። የቀዳዳዎቹ ቁጥርና ርቀት ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ሱቁ በር ላይ አደራርበህ ለካው። ካልገጠመ ሌላ ሱቅ ጠይቅ፣ ወይ ማሰሪያውን ጨምረህ ግዛ። በጋለ ሚስማር አዲስ ቀዳዳ አትብሳው፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያች ቀዳዳ ነው።